ያገለገለች ትንሽ አውሮፕላን ልትገዙ ነው? ጎንደር ላይ የምሰማቸው የተሳሳቱ ግምቶች

የግል አብራሪ ላይሰንስ ይዞ አውሮፕላን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጎንደር ውስጥ ብዙ አይደለም። ያሉት ግን፣ ውጭ ሆነው «አገር ቤት ይዣት እገባለሁ» የሚሉትን ጨምሮ፣ ሲያወሩ ተመሳሳይ ነገር ይደጋገማል። ፒያሳ ቡና ላይ ስልክ ይወጣል፣ የሽያጭ ማስታወቂያ ይታያል፣ ክርክሩ ይጀመራል። አብዛኛው ግምት ከመኪና ገበያ የመጣ ነው። ለመኪና ይሠራ ይሆናል፤ ለአውሮፕላን ግን ገንዘብ ያስበላል፣ አንዳንዴም ነፍስ።

«ጥቂት ሰዓት የበረረች ትሻላለች»

መኪና ስንገዛ መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን እናያለን። ስለዚህ በ40 ዓመት ውስጥ 900 ሰዓት ብቻ የበረረች ሴስና (የታወቀች የአሜሪካ ትንሽ አውሮፕላን) ስትገኝ ሁሉም ይጓጓል። እኔ ይበልጥ የምፈራው እንዲህ ያለችዋን ነው።

የቆመ ሞተር ይዝጋል። ብዙዎቹ ሴስና 172ዎች (ባለ አራት ወንበሯ ሞዴል) ላይ ያለው የላይካሚንግ ሞተር ካምሻፍቱ፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከላይ በኩል ነው የተቀመጠው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። አውሮፕላኗ ለወራት ከቆመች ካምሻፍቱ ይደርቃል፣ እርጥበት ያገኘዋል። ትንሽ የዝገት ነጥብ ትበቃለች። ሞተሩ እንደገና ሲነሳ ያ ዝገት ካምሻፍቱንና ከሱ ጋር የሚፋተጉትን ክፍሎች ይበላቸዋል። ከውጭ ስታዩዋት ቀለሟ ያበራል፣ ወንበሯ አዲስ ነው፣ ውስጧ ግን አልቋል።

ላይካሚንግ ብዙ 172ዎች ላይ ላለው ኦ-320 ሞተር ያወጣው የኦቨርሆል (ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የሚታደስበት) ጊዜ በጥቅሉ 2,000 ሰዓት ወይም 12 ዓመት ነው፣ ቀድሞ የደረሰው። ማስታወቂያው ሰዓቱን ይነግራችኋል። ዓመቱን መጠየቅ የእናንተ ሥራ ነው። በሳምንት አንድ ሁለቴ እየበረረች 1,200 ሰዓት የሞላች ሞተር፣ 15 ዓመት ሀንጋር ውስጥ ከተኛች ባለ 300 ሰዓት ሞተር ብዙ ጊዜ ትሻላለች።

ይሄን ማየት ይቻላል። ጥሩ መካኒክ የዘይት ፊልትሮውን አውጥቶ በመቁረጫ ይከፍተዋል። የታጠፈውን ወረቀት ይዘረጋና ፀሐይ ላይ ያገላብጠዋል። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ማግኔት ያስጠጋል። ከሳበው ብረት ነው፣ ምናልባት ከካምሻፍቱ የመጣ። ካልሳበው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ዓይን ወደ ፒስተኖቹ ይዞራል። ጥርጣሬው ከበረታ አንድ ሲሊንደር ይወርድና ካምሻፍቱ ራሱ ይታያል። ሻጩ «ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

እግረ መንገዴን፦ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1980 የተሠሩት 172ዎች ኦ-320-ኤች2ኤዲ የሚባል ሞተር ነበራቸው። የካምሻፍት ችግሩ በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለች ከቀረበችላችሁ ፊልትሮው ሳይከፈት ዋጋ አትጥሩ።

«የ1970ዎቹ ሥሪት? አሮጌ ናት፣ ተዋት»

ዕድሜ ብቻውን አይገድልም። ሴስና 172 ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በ1986 ቆሞ እስከ 1996 አልተመረተችም። ስለዚህ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሥሪቶች ናቸው። በደንብ የተያዘች የ1975 አውሮፕላን በደህና ትበራለች። የሚያስፈራው የጠፋ ሎግቡክ (የበረራና የጥገና መዝገብ ደብተር) ነው። የሆነ ዓመት ላይ ደብተሩ ከተቋረጠ፣ በዚያ ጊዜ ምን እንደተሰበረና ማን እንደጠገነው የሚነግራችሁ የለም።

«ዓመታዊ ምርመራ አልፋለች፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?»

ያን ምርመራ ያደረገው ሻጩ የሚከፍለው መካኒክ ነው። ሰውየው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፣ ግን የእናንተ ሰው አይደለም። እናንተ የመረጣችሁት፣ እናንተ የከፈላችሁት፣ ያችን አውሮፕላን ከዚህ በፊት ነክቷት የማያውቅ መካኒክ ይያት። የአየር ብቁነት መመሪያዎች (የአቪዬሽን ባለሥልጣን በግዴታ የሚያዝዛቸው ምርመራዎችና ጥገናዎች) ሁሉ መፈጸማቸውን ከሎግቡኩ ላይ አንድ በአንድ ያመሳክር። ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ካሰባችሁ ደግሞ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሞዴሏን ነግራችሁ በጽሑፍ መልስ ያዙ።

«አራት ወንበር አላት፣ አራት ሰው ትጭናለች»

ይሄኛው ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት እዚህ ነው።

በባሕር ወለል ከፍታ እንኳ ሒሳቡ አይመጣም። የ70ዎቹ 172 ነዳጇን ሞልታ ለሰውና ለዕቃ የሚቀራት ክብደት ወደ 285 ኪሎ ገደማ ነው። አራት ጎልማሳ በ75 ኪሎ ቢሰላ 300 ነው፣ ሻንጣ ሳይጨመር።

አሁን አዘዞ ላይ አስቀምጧት። እዚያ ያለው የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ አውሮፕላኗም 2,900 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ያህል ነው የምትሠራው። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል። ክንፉና ፕሮፔለሩም የሚይዙት አየር ቀጭን ነው። ማኮብኮቢያው ረጅም ስለሆነ መነሳቱ ያታልላል። ችግሩ የሚመጣው ከተነሱ በኋላ ነው፦ መሬቱ ወደ ከተማው በኩል እየወጣ ይሄዳል፣ አውሮፕላኗ ግን አትወጣም።

ሰሜን ተራሮችን እያዩ መብረር የሁላችንም ሕልም ነው፣ የኔም ነው። ግን አዲሱ 172ኤስ እንኳ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ሆኖ የከፍታ ጣሪያው 14,000 ጫማ፣ ማለትም 4,270 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ባለ 100 ፈረስ ጉልበቷን ሴስና 150 እዚህ አካባቢ ለመብረር የሚገዛ ወዳጅ ካላችሁ፣ እባካችሁ ከመክፈሉ በፊት አስቁሙት። ለዚህ አገር ባለ 230 ፈረስ ጉልበት ሴስና 182፣ ወይም ተርቦ ያለው ሞተር ነው የሚያዋጣው።

«ዋናው ወጪ መግዣዋ ነው»

አይደለም። የኦቨርሆል ወጪ ለምሳሌ 30,000 ዶላር ቢሆን፣ ለ2,000 ሰዓት ሲካፈል በየሰዓቱ 15 ዶላር ማስቀመጥ አለባችሁ፣ ነዳጅ ሳይነሳ። ኢንሹራንስ፣ ሀንጋርና ዓመታዊ ምርመራ ደግሞ ባትበርም ይከፈላሉ።

«ነዳጅማ አዘዞ አለ»

የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሚቀዱት ጄት ኤ-1 ነው፣ ከላምባ ዘር። ሴስናዋ አቪጋዝ (የአውሮፕላን ቤንዚን) ነው የምትፈልገው። ጄት ኤ-1 ወደ ቤንዚን ሞተር ከገባ ለመነሳት በቂ ጉልበት ሊሰጥና አየር ላይ ሞተሩን ሊያበላሽ ይችላል። የመኪና ቤንዚን የተፈቀደላቸው የቆዩ ሴስናዎች አሉ፤ ፈቃዱ ግን ኢታኖል የተቀላቀለበትን ይከለክላል፣ አገራችን ውስጥ ደግሞ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ሲቀላቀል ነበር። ስለዚህ አቪጋዙን ከማን፣ በምን ያህል፣ በየስንት ጊዜው እንደምታገኙ አውሮፕላኗን ሳትመርጡ ጨርሱ።

ጄት ኤ-1 የሚጠቀሙ የናፍጣ ሞተር ያላቸው ትንንሽ አውሮፕላኖችም አሉ፣ የዳይመንድ ዲኤ40 የናፍጣ ሥሪት አንዷ ናት። ዋጋቸው ከፍ ይላል። ብዙዎቹ ሞተሮች ደግሞ ሰዓታቸው ሲሞላ በአዲስ ይተካሉ እንጂ አይታደሱም፤ ስለዚህ ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት ለመተኪያው ስንት ሰዓት እንደቀረ ነው።