የቴምዝ ዳር ማደሪያዎችና ሕይወት ያለው ኤል

በእንግሊዝ «ኢን» የሚባለው ቤት ከተራ መጠጥ ቤት የሚለየው በአልጋው ነው። መንገደኛን ያሳድራል፣ ፈረሱንም በጋጣ ያስገባል፤ «ኤልሃውስ» ግን ሥራው ኤል የተባለውን የእንግሊዝ ቢራ መሸጥ ነበር። በ1577 እ.ኤ.አ. በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በተካሄደ ቆጠራ ኤልሃውሶቹ ከ14 ሺህ ሲበልጡ፣ ኢኖቹ ከ1,600 ብዙም አላለፉም።

በቴምዝ ወንዝ ዳር የነበሩትን ኢኖች በሕይወት ያቆያቸው ጀልበኛው ነው። ብቅልና እህል የጫኑ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ወደ ለንደን ይወርዳሉ፤ ሽቅብ ሲመለሱ ሰው ወይም ፈረስ በገመድ ይጎትታቸዋል። የደከመውና የጠማው ሁሉ የሚያርፈው ድልድይና መሻገሪያ አጠገብ ስለሆነ ማደሪያውም እዚያው ተሠራ። በ1838 ባቡር ከለንደን ሜደንሄድ ሲደርስ ይህ ገበያ መድረቅ ጀመረ። የሚገርመው፣ ኋላ ላይ ከከተማ ለመቅዘፍና ለመዝናናት የሚጎርፈውን ሕዝብ ያመጣላቸውም ያው ባቡር ነው።

በቴምዝ ዳር በምትገኘው በሶኒንግ መንደር ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለው «ቡል» የተባለ ኢን የ16ኛው መቶ ዘመን ቤት ነው። እንዲህ ባሉ የእንጨት ማገር ቤቶች ወለሉ ያዘነብላል፣ በሩ ያጥራል፣ ረጅም እንግዳ ግንባሩን ከወራጁ ጋር ያላትማል። እንግሊዞች ይህን «ጠባይ ያለው ክፍል» ብለው ዋጋ ይጨምሩበታል።

ወደ ኤሉ እንምጣ። ከገብስ ብቅል ይጠመቃል፤ ጌሾ ለጠላ እንደሆነው ሁሉ ለእሱም ሆፕ የተባለው አበባ ምሬት ይሰጠዋል። ልዩ የሚያደርገው ግን እርሾው ሳይገደል በርሜሉ ውስጥ መብላላቱን መቀጠሉ ነው። አተላው እንዲዘቅጥ በልማድ ከዓሣ ፊኛ የሚዘጋጅ ማጥለያ ይጨመርበታል፤ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ምድር ቤት ይቀመጥና በእጅ በሚሳብ ፓምፕ ይቀዳል። «እንግሊዞች ሙቅ ቢራ ይጠጣሉ» የሚለው ሐሜት መነሻው ይኸው ነው፤ ሙቅ ግን አይደለም።

በ1960ዎቹ ትልልቅ ጠማቂዎች ተጣርቶ እርሾው የሞተና ጋዝ የተጨመረበት ቢራ ስላስፋፉ ኤሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ1971 አራት እንግሊዛውያን ወጣቶች አየርላንድ ውስጥ ለእረፍት ሳሉ «ካምራ» የተባለውን የኤል ተሟጋች ማኅበር መሠረቱ። «እውነተኛ ኤል» የሚለውን ስያሜ ያስለመደው ይህ ማኅበር ነው።

ፈርኪን የሚባለው በርሜል 41 ሊትር ገደማ፣ ማለትም 72 ፓይንት ይይዛል። አንዴ ከተከፈተ ከሦስት ቀን ብዙም ሳይርቅ ካላለቀ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ ጀልባውም እንግዳውም በሚጠፋበት የብርድ ወራት፣ አስተዋይ ባለቤት የሚቀዳቸውን የኤል ዓይነቶች ይቀንሳል።