ኅቡዕ ቤተ ክርስቲያን ምንድን ነው?

«ኅቡዕ» ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ኢሕአፓ ነው። ኅቡዕ ገባ፣ ኅቡዕ ድርጅት፣ ኅቡዕ ጋዜጣ። በደርግ ጊዜ ግን አዳማ ውስጥ፣ ያኔ ናዝሬት ስትባል፣ ሌላም ዓይነት ኅቡዕ ቤት ነበር። ሽጉጥ የሌለበት፣ ጀበና የተጣደበት።

መንግሥት የአንድን እምነት ማምለኪያ ዘግቶ መሰብሰብ ሲከለክል፣ አማኞቹ ሳይበተኑ በየቤቱ ተደብቀው መገናኘት ከቀጠሉ ያ ኅቡዕ ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙ ጊዜ የሚደበቀው እምነቱ አይደለም። እገሌ ጴንጤ መሆኑን ጎረቤቱም ቀበሌውም ያውቃል። የሚደበቀው ስብሰባው ነው።

የአዳማ ሰው ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ሜኖናይት የሚባሉ የፕሮቴስታንት ወገን የሆኑ አሜሪካውያን በ1930ዎቹ መጨረሻ እዚህ ሆስፒታል ከፈቱ። የድሮ ሰው «ኃይለ ማርያም ማሞ» የሚለው፣ ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሆነው ነው። ከዚያ ሥራ የበቀለችው መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ተዘጋች። ንብረቷ ተወረሰ። መሪዎቿ ያለ ፍርድ ዓመታት ታሰሩ።

እሷ ብቻ አይደለችም። የጴንጤዎቹ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ገና በንጉሡ ዘመን ምዝገባ ተከልክላ ነበር። ኦርቶዶክስም አልቀረላትም፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ተገደሉ። በዚያው ዓመት የሉተራኗ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን መሪ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ታፍነው ተገደሉ።

ኅቡዑ እንዴት ይሠራ እንደነበር የነገሩኝ የሰፈራችን እናት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። አምስት ስድስት ሰው፣ ከዚያ አይበልጥም። አንድ ላይ አይገባም፤ አንዱ ገብቶ ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ጫማ ደጃፍ ላይ አይቀመጥም፣ ይቆጠራላ! ቡናው የግድ ይፈላል። ድንገት የቀበሌ ሰው ቢመጣ ቡና ነው የምንጠጣው ለማለት ብቻ አይደለም፤ እውነትም ይጠጣል። መዝሙሩ በሹክሹክታ ነው። ሰፋ ያለ ጉባኤ ሲፈለግ ደግሞ ሠርግና ለቅሶ አለ። ለቅሶ ቤት ሰው ለምን በዛ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው?

አንድ ነገር ልብ በሉ። አዳራሹ ሲዘጋ ሥራው ወደ ሳሎን ገባ፤ ሳሎኑ ደግሞ የሴቶቹ ግዛት ነው። ማን ይግባ፣ መቼ ይውጣ የሚሉት እነሱ ሆኑ። ስለዚያ ዘመን ሲወራ የታሰሩት ወንዶች ስም ይጠራል፤ ቡና ያፈሉት አይጠሩም።

ሕጉስ ምን ይል ነበር? በ1980 የወጣው፣ ደርግ ራሱን ኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ብሎ የሠየመበት ሕገ መንግሥት የሃይማኖት ነፃነትን ይፈቅዳል። ነገር ግን የመንግሥትንና የአብዮቱን ጥቅም እንዳይጻረር ይላል። ጥቅሙን የሚተረጉመው ያው መንግሥት ነው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ይሉሃል ይሄ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል፤ አንዱ በሌላው ጣልቃ አይገባም። አንቀጽ 27 ነፃነቱን ያጸናል። ገደብ ግን እሱም አለው፦ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርት፣ የኅብረተሰብ ሞራል፣ የሌሎች መብት። ልዩነቱ ገደቡ በሕግ መውጣት አለበት መባሉ ነው።

መሠረተ ክርስቶስ ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ። ከዚህ ተነሥተው «ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል» የሚሉ ሰባኪዎች አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። እስር ቤት ዓመታት ላጠፋ ሰው ልጆች ይሄን ቁጥር ማንበብ ምን ይጠቅማቸዋል?

ከ1983 በኋላ አዳራሾቹ ተከፈቱ፤ የቤት ኅብረቱ ግን አልቀረም። እትዬ ቤት አሁንም በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ። በዚህ በአዳማ ሙቀት፣ ጸሎት ሊጀመር ሲል ተነሥተው መስኮቱን ይዘጋሉ። ለአቧራው ነው ይላሉ።