«እንጀራ ካለ ልጁ አይራብም»፦ ግሉተን የማይበላ ልጅ ይዞ መንገድ ሲወጣ የሚነገሩ ስሕተቶች

ሴሊያክ ያለበት ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ቤቱ ውስጥ ብዙም አይቸገርም። ዱቄቱን ራሱ ያስፈጫል፤ ምጣዱን ያውቀዋል። ጣጣው የሚመጣው መኪና ሲነሳ ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከቁርስ ጀምሮ የሚበላው ሁሉ መንገድ ላይ ነው። ያን ጊዜ መካሪው ይበዛል፦ ዘመዱ፣ ሹፌሩ፣ አስተናጋጇ። ምክሩ ከልብ ነው። ግማሹ ግን ስሕተት ነው።

ለማያውቅ በአጭሩ፦ ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ሲበላው የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነስቶ ትንሹን አንጀቱን ይጎዳዋል። ምግብ በቅጡ አይዋሃደውም። ልጅ ከሆነ ዕድገቱ ይጓተታል። የሚያድን ክኒን የለውም፤ ያለው መላ ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

«ሀገሩ የጤፍ ሀገር ነው፤ እንጀራ የት ይጠፋል?»

ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ይሄ እውነት ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሴሊያክን የሚቀሰቅስ ነገር እንዳላገኙባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትመዋል። ግን መንገድ ዳር የሚቀርበው እንጀራ ጤፍ ብቻ ነው ያለው ማን ነው? የጤፍ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ምግብ ቤቱ ይቀይጣል።

ቅይጥ ሁሉ ክፉ አይደለም። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ ወይም ዳጉሳ ቢገባበት ለእነዚህ ልጆች ችግር የለውም። ነገር የሚበላሸው ገብስ ወይም ስንዴ ሲጨመር ነው። ያ ደግሞ በዓይን አይለይም። ነጣ ያለው እንጀራ ማኛ ሊሆን ይችላል፤ ስንዴ የገባበትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ እርሾው አለ። ትናንት ገብስ የተቦካበት ዕቃ እርሾ ዛሬ በንጹሕ ጤፍ ላይ ይገባል። ምጣዱም ጠዋት አምባሻ ሲጋገርበት ቆይቶ ይሆናል። ወፍጮ ቤቱም እንደዚያው፤ ከፊታችሁ የነበረው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሄደ ወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ከእናንተ ጤፍ ጋር ይወርዳል።

ዋናው ቁም ነገር አጠያየቁ ላይ ነው። «እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱን ሰጥታችሁ ጨርሳችኋል። አስተናጋጇ «አዎ፣ ንጹሕ ነው» ትላለች። ሌላ ምን ትበል? እኔ ወደ ማድቤት ዘልቄ ጋጋሪዋን ነው የምጠይቀው። «እማማ፣ እጅዎን ይባርከው። ዱቄቱን ምን ከምን ጋር ነው የሚያስፈጩት?» እንዲህ ሲባሉ ባለሙያነታቸው ተነካና ሁሉን ይዘረዝራሉ። «እንዳይደርቅ ብለን ትንሽ ገብስ ጣል እናደርግበታለን፣ ልጄ» የሚለው መልስ በኩራት ነው የሚመጣው። አመስግኖ መውጣት ነው።

ውጭ ሀገር ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ንቁ። በአሜሪካና በአውሮፓ ሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ይገባበታል። ጤፍ እዚያም ውድ ነው፤ ያለ ስንዴም ዓይን አያወጣልንም የሚሉ ጋጋሪዎች አሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው። እንጀራውን ከቤት ጠቅልሎ መያዝ፣ ወጡን ብቻ ማዘዝ።

«ትንሽ ብትነካው ምን ይሆናል?»

ይሄ የአክስቶች ነው። «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ!» ትላለች አክስት፤ ጉርሻው ከራሷ እንጀራ የተቆረሰ ነው። ልጁ አፉን ከፍቷል። እምቢ ማለት ነውር ይመስላል።

ቁጥሩን እንየው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን ሊኖረው አይገባም ይላል። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ደንብ 20ን ነው የያዘችው። በቀን 50 ሚሊ ግራም ግሉተን ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ አንጀት እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። 50 ሚሊ ግራም ማለት እንግዲህ ከዳቦ ላይ የሚረግፍ ፍርፋሪ ነው።

«ባለፈው በልቶ አልታመመም እኮ» የሚለውም አይሠራም። አንዳንድ ልጅ ምንም ሳይሰማው አንጀቱ ይቆስላል። ዝምታው ደህንነት አይደለም።

ታዲያ ይህን ለአስተናጋጅ እንዴት ታስረዳላችሁ? «ግሉተን» ብትሏት ግራ ይገባታል። እኔ ያገኘሁት አቋራጭ ጾም ነው። ረቡዕ ቀን ቅቤ የነካው ማንኪያ ሽሮ ውስጥ እንደማይገባ ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም። የፍስክና የጾም ድስት ለይቶ መያዝ የኖረችበት ነው። ስለዚህ «እህቴ፣ ስንዴና ገብስ ለዚህ ልጅ እንደ ፍስክ ቁጠሪልኝ፤ ሐኪም ከልክሎታል» እላታለሁ። ወዲያው ይገባታል። ቢላውን ልጠብ፣ መጥበሻውን ልቀይር የምትለው ራሷ ናት። «አይስማማውም» ከማለት ይልቅ «ሐኪም ከልክሎታል» ማለትም ይረዳል። አይስማማውም ሲባል ሰው ቅምሻ ይሞክራል።

አንድ ነገር ግን አትቀላቅሉ። የስንዴ አለርጂ ሌላ ሕመም ነው። አለርጂ ያለበት ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያብጥና ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ያን ጊዜ በሐኪም የታዘዘ የኤፒነፍሪን መርፌ ካለው ወዲያው ተወግቶ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል መሮጥ ነው። መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት የልጃችሁ የትኛው እንደሆነ በደንብ እወቁ።

«ካስመለሰው ግሉተን በልቷል ማለት ነው»

ጠመዝማዛው መንገድም ያስመልሳል። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስልክ ሲያይ የቆየ ልጅ ቢያስመልሰው ገጠሬዋን ጋጋሪ ከመክሰስ በፊት መስኮቱን ክፈቱለት። የሴሊያክ ምልክት ብዙ ጊዜ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጣው፤ በማግስቱም ሊሆን ይችላል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ተቅማጥ ይዞት፣ ወይም ተነጫንጮ።

«ፈረንጅ ብስኩት አትስጡት እንጂ የሀገራችን ስንቅ ጤና ነው»

ስንቃችንን አንድ በአንድ ብታዩት ትደነግጣላችሁ። በሶ ገብስ ነው። ቆሎ በአብዛኛው ገብስ ነው፤ ሲከፋም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ዳቦ ቆሎ ስሙ ላይ አለ። ቅንጬ ብዙ ጊዜ ስንዴ ነው፤ የገብስም አለ። ጨጨብሳ ከስንዴ ነው የሚጋገረው፤ የጤፍ ጨጨብሳ ካላሠራችሁ በስተቀር። መቶ በመቶ የሀበሻ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን መርዝ ነው።

አጥሚቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። እናቶቻችን ልጅ መንገድ ሲሄድ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት ይይዛሉ። የገብሱ አጥሚት ግልጽ ነው፣ አይሆንም። የአጃውስ? አጃ በራሱ የስንዴ ዓይነት ግሉተን የለውም። ነገር ግን አጃችን የሚበቅለው ከገብስና ከስንዴ ማሳ ጎን፣ አንዳንዴም ከዚያው መሐል ነው። የሚወቃው በአንድ አውድማ፣ የሚፈጨው በአንድ ወፍጮ ነው። ተለይቶ «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ የታሸገ ካልሆነ ተዉት። ለእሱም ቢሆን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ፤ ንጹሑ አጃ እንኳ የማይስማማቸው ጥቂት ልጆች አሉ።

ምትኩ ቡላ ነው። ከእንሰት የሚወጣ ስለሆነ ግሉተን የለበትም። በወተት ቀጠን አድርጎ አፍልቶ በፔርሙስ መያዝ ይቻላል። ልጆች ይወዱታል። እኔ እንዲያውም ከአጥሚት አስበልጠዋለሁ።

ሽምብራ ቆሎና ለውዝስ? እህሉ ንጹሕ ነው፤ አሻሻጡ ነው ችግሩ። ቆሎ ሻጯ ገብሱንም ሽምብራውንም በአንዷ ስኒ ስትሰፍር ቆማችሁ እዩ። ቤት ቆልታችሁ ያዙ። ከአራትና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ድፍን ለውዝ በሚሄድ መኪና ውስጥ አትስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል።

«ማልት አልኮል ስለሌለው ለልጅ ይሆናል»

ማልት ብቅል ነው፤ ብቅሉ ደግሞ የገብስ ነው። አልኮሉ ወጣ እንጂ ገብሱ አልወጣም። ውሃ፣ አምቦ ውሃ፣ ወይም ፊት ለፊታችሁ የተጨመቀ የአቮካዶ ጁስ እዘዙለት።

«ሥጋና ዓሣ ምን ግሉተን አለው?»

ሥጋው የለውም። መጥበሻው ይኖረዋል። ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ሲጠበስበት በዋለ ዘይት የወጣ ድንች ጥብስ ድንች ብቻ አይደለም። ዓሣም ከመጠበሱ በፊት ዱቄት ይነሰነስበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ኮተሌት ከሆነማ የዳቦ ፍርፋሪ እንዳለው የታወቀ ነው። ጥብሱ እንጀራ ላይ ተገልብጦ ከመጣ አበቃ። «በሳህን ብቻ አምጪልን» በሉ።

እዚህ ላይ «ዘይቱ ሲፈላ ይሞታል» የሚል ሰው አይጠፋም። ግሉተን ጀርም አይደለም፤ ምኑ ይሞታል? ዳቦ በምድጃ ሙቀት ተጋግሮም ግሉተኑ እንዳለ ነው።

ሳኒታይዘርም በዚሁ ምክንያት አያዋጣም። አልኮሉ ጀርሙን ይገድላል እንጂ ፍርፋሪውን ከጣት ላይ አያነሳውም። ታናሽ እህቱ ኋላ ወንበር ላይ ብስኩት እየበላች ከሆነ በጀሪካን ውሃና ሳሙና ያዙ። ሁለቱንም እጃቸውን አስታጥቧቸው። ወይም ልጅቷም እሱ የሚበላውን ትብላ፤ ሰላም ይወርዳል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው»

ይህን የሚሉት አዛውንት ብዙ ጊዜ ከፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት። ሴሊያክ በሰሜን አፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በሕንድ ሞልቷል። እንዲያውም በሰሃራዊ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ከ100 ልጆች ከ5 በላይ የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው አግኝቷል። በአጠቃላይ በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንድ ገደማ ነው የሚባለው። ስንዴ የሚበላ ሕዝብ ባለበት ሁሉ አለ። አዛውንቱን መንገድ ላይ መከራከር ግን ትርፉ ድካም ነው፤ «እሺ አባባ» ብሎ ማለፍ ይሻላል።

«ዊት ፍሪ ከተጻፈበት ግዛው»

በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ለምትነዱ ነው ይሄ። ስንዴ የለውም ማለት ግሉተን የለውም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ስንዴ በመለያው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ገብስን ግን በዚያው መልክ አያስገድድም። «ማልት» የሚል ቃል ካያችሁ ገብስ ነው። ከበቆሎና ከሩዝ የተሠሩ የቁርስ ሲሪያሎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ማልት አላቸው። አኩሪ አተር ሶስም በአብዛኛው ስንዴ አለው። በአሜሪካ የማክዶናልድስ ድንች ጥብስ ማጣፈጫው ውስጥ የስንዴ ተዋጽኦ እንዳለ ድርጅቱ ራሱ ይጽፋል፤ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ደግሞ እሱን ነው። «ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፤ በሕግ የ20ው ወሰን ያለበት እሱ ነው።

«መንገድ ላይ ምንም አይገኝለትም»

ወደ ደቡብ ስትወርዱ ይሄ አባባል ሐሰት መሆኑን መስኮቱ ያሳያችኋል። በቡታጅራና በወራቤ በኩል ቆጮ አለ፤ እንሰት ነው። ክትፎውን ብስል አስደርጋችሁ ከአይብና ከጎመን ጋር በቆጮ ማብላት ነው። አብሮ ዳቦ በአንድ ቢላ እንዳይቆረጥ ብቻ ተናገሩ። ከዚያ ወዲያ በከሰል የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የተቀቀለ ድንች፣ አቮካዶ። እንቁላሉን በቅርፊቱ ግዙት፤ ራሳችሁ ላጡት። ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ምን እንደነካው አይታወቅም፤ ተዉት። ሶዶ ላይ ጥብስ በሳህን እዘዙና ዳጣውን ለራሳችሁ አስቀሩ። አርባ ምንጭ ስትደርሱ ሙዙ በየመንገዱ ዳር ተቆልሎ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ሙዝን ደግሞ ፈጣሪ ራሱ ነው ያሸገው።

ከቤት የሚያዘው እንግዲህ ያን ያህል አይበዛም። የጤፍ ቂጣ፣ ቡላው፣ የራሱ ማንኪያና ሳህን፣ ሳሙና። ሩዝ ቀቅላችሁ ቆላ ለቆላ ስታዞሩ አትዋሉ፤ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ፍርፍርም እንደዚያው። ደረቁን እንጀራ ያዙና እዚያው አራት ሰዓት ላይ ሻይ ቤት ቆማችሁ በሻይ አብሉት። መኪና ውስጥ ደግሞ አንድ መጠባበቂያ ምግብ ከወንበሩ ሥር ደብቁ። ጎማ የሚፈነዳው ከተማ ውስጥ አይደለም።