ድጎማ ምንድን ነው? (ኪሳራ ማለት አይደለም)

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ እየሰማሁ ነበር። አንድ ተንታኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ በሙሉ ልብ እንዲህ አለ፦ «የከተማ አውቶቡስ በየዓመቱ ይከስራል፤ መንግሥት ደግሞ ኪሳራውን በድጎማ ይሸፍናል። ታክሲው ያለ ድጎማ እያተረፈ አውቶቡሱ ለምን ይከስራል?» ሹፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ረዳቱ «እውነቱን ነው» አለ። እኔ መገናኛ እስክደርስ አንጀቴ እያረረ ተቀመጥኩ። ይሄን አባባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ቢሆን ባልጻፍኩ ነበር።

ሥራዬ የስምሪትና የታሪፍ ጥናት ነው። ታሪፍ ምን እንደሆነ፣ ሰልፍ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቆማችሁበት ታውቁታላችሁ። የምፈልገው አንዲት ቃል ማጥራት ብቻ ነው።

«ደሞዙን በትርፍ ሰዓት ሥራ ይደጉማል» እንላለን አይደል? ይሄን ሰውዬ ከሳሪ የሚለው የለም። ደሞዙ አልበቃውም፣ የጎደለውን ከሌላ ቦታ ሞላ፣ በቃ። አውቶቡስ ላይ ስንደርስ ግን ያው ቃል ስድብ ይሆናል።

እስቲ አንዲት እንጀራ ጋጋሪ አስቡ። እትዬ እንበላቸው። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበና እንዲህ አላቸው፦ አንዱን እንጀራ ከዚህ ዋጋ በላይ መሸጥ አይቻልም። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣም ምጣድዎ አይበርድም። ወንዙ ማዶ ላሉት አምስት ቤቶችም ያደርሳሉ። ጤፍ ቢወደድም ዋጋው አይነካም። ዓመቱ አለቀ፣ ሒሳብ ተሠራ፣ ጎደለ። ያው የሰፈር ሰው ተሰብስቦ «እትዬ ከሰሩ» አለ!

ከስረዋል? ነጋዴ ከሰረ የሚባለው ዋጋውን ራሱ ቆርጦ፣ ገበያውን ራሱ መርጦ፣ ሳይሳካለት ሲቀር ነው። እትዬ ዋጋ አልቆረጡም። ወንዝ ማዶም የሄዱት ትርፍ አይተው አይደለም። እንጀራ በርካሽ ይኑረን ብሎ የወሰነው ሰፈሩ ነው፤ የጎደለው ገንዘብ የዚያ ውሳኔ ሒሳብ ነው። ድጎማ የምንለው ይሄን ሒሳብ መክፈልን ነው። በእኛ ሙያ አገልግሎት መግዛት እንለዋለን፤ ገዢው ደግሞ ከተማው ነው።

(እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ካልጨመርኩ የሥራ ባልደረቦቼ ይሰድቡኛል። ይሄ ማለት እትዬ ቤት ብክነት የለም ማለት አይደለም። ሊጥ ሊደፋ ይችላል። ዱቄት በጓሮ በር ሊወጣ ይችላል። እሱ እውነተኛ ኪሳራ ነው፣ በስሙ ሊጠራም ይገባል። ችግሩ ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ስንከት ነው። ያኔ የሚደሰተው ዱቄት የሚያወጣው ሰውዬ ነው፤ «ድጎማ ስለሆነ ነው» ብሎ ይደበቅበታል።)

አሁን ወደ ታክሲው እንምጣ፤ ተንታኙ የተመካው በእሱ ነውና። ታክሲ ለምን ያተርፋል? ሳይሞላ አይነሳም። ሰው በበዛበት ሰዓት መስመር ይቆራርጣል፤ በአንድ ታሪፍ የምትሄዱበትን ሁለቴ ያስከፍላችኋል። ዝናብ ሲመጣ ዋጋው ይለወጣል። ከመሸ ሩቅ ሰፈር አይሄድም፣ ከሄደም በድርብ ነው። ሹፌሮቹን እየወቀስኩ አይደለም። ማንም ሳይከፍላቸው በኪሳራ እንዲሠሩ የሚጠብቅ ካለ እሱ ይንዳ። ታፔላ፣ ማለትም የሚሠሩበትን መስመር የሚያሳየው ሰሌዳ፣ የተለጠፈላቸው ይሄንኑ መቆራረጥ ለማስቀረት ነበር፣ መቆራረጡ ግን ዛሬም አለ። ደግሞም ታክሲው ድጎማ አያውቅም ማለት አይደለም። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ ተብሎ ሲለይ፣ ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ፣ ታክሲውም ሃይገሩም በቴሌብር በኩል ልዩነቱ እንዲታሰብላቸው ተደርጎ ነበር። ተንታኙ ይሄን የረሳው ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት የነበረው ደግሞ ይብስ ነበር። ድጎማው የነዳጁ ሊትር ላይ ስለነበር ለሁሉም ይደርስ ነበር፤ ሊትር ሲደጎም ደግሞ ብዙ ድጎማ የሚወስደው ብዙ የሚያቃጥለው ነው። አንድ የከተማ አውቶቡስ በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይበላል እንበል። 60 ሰው ከጫነ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር እንኳ አይደርስም። አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳው መኪና 12 ሊትር ቢፈጅ፣ 12ቱም ሊትር የእሱ ነው። ስለዚህ ለዓመታት ከሁሉም በላይ የተደጎመው ተሳፋሪ በግል መኪናው መስኮቱን ዘግቶ የሚሄደው ሰው ነበር ማለት ነው። እሱን ግን «ከሰረ» ያለው የለም።

ወደ እትዬ ልመለስ፤ ምሳሌዬ ገና አላለቀም። ሰፈሩ ሊደጉማቸው ቢስማማ እንዴት ይደጉም? ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ምጣድ መግዛትን ነው። ምጣድ ፎቶ ይነሳል፣ ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ማገዶው ግን ፎቶ አይነሳም። መለዋወጫ፣ ጎማ፣ የመካኒክ ደሞዝ፣ ይሄ ሁሉ ማገዶ ነው። አዲስ አውቶቡስ ገዝቶ ለጥገና በጀት አለመያዝ ማለት በሦስተኛው ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመ ቆርቆሮ መግዛት ማለት ነው። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ተመልከቱ። መስከረም 2008 ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር። 41 ባቡር ገባ። ታሪፉ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ተባለ። ከዚያ መለዋወጫ ጠፋ፣ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፣ የቀሩት ደግሞ ሰው እንደ ሰርዲን ጭነው ሄዱ። በ6 ብር ቲኬት በዶላር የሚመጣ ዕቃ አይገዛም። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅና ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ ከ100 ሲያልፍ፣ የአንድ ፍሬን ዋጋ በብር እጥፍ ሆነ። የትኛው የባቡር ወይም የአውቶቡስ ሥራ አስኪያጅ ነው ይሄን የወሰነው?

ሌላው ልማድ ዓመቱ ሲያልቅ ጎዶሎውን መሙላት ነው። ይሄ ከሁሉም የከፋ ነው፤ እዚህ ላይ ከተንታኙ ጋር እስማማለሁ። እትዬ ምንም ያህል ሊጥ ቢደፉ የሚሞላላቸው ከሆነ ለምን ይጠነቀቃሉ? መፍትሔው ግን ድጎማውን ማቋረጥ ሳይሆን የሚከፈልበትን ነገር መለወጥ ነው። በተበላ እንጀራ ቁጥር ልትከፍላቸው ትችላለህ፣ በተጋገረ ቁጥርም ልትከፍላቸው ትችላለህ። አውቶቡስ ላይ ይሄ በተሳፋሪ ወይም በኪሎ ሜትር መክፈል ማለት ነው። በተሳፋሪ ከከፈልክ ወንዝ ማዶ የሚሄድ ይጠፋል። በኪሎ ሜትር ከከፈልክ ደግሞ ባዶውን ሲሽከረከር የሚውል አውቶቡስ ታገኛለህ፣ ማንንም ሳይጭን። ስለዚህ ውል ላይ ሰዓቱም ምልልሱም ይጻፋል፣ ያልተሠራ ምልልስ ይቀነሳል። እኔ በበኩሌ በኪሎ ሜትር መክፈሉን እመርጣለሁ፣ ግን ቆጣሪ የሚቆጥር ታማኝ ሰው ካለ ነው፤ ከሌለ ይቅርብን።

የእንጀራው ምሳሌ የሚሰበረውም እዚህ ነው። ያልተሸጠ እንጀራ ይደርቅና ድርቆሽ ይሆናል። ባዶ ወንበር ድርቆሽ አይሆንም። ጠዋት ያልተሸጠ ወንበር ማታ አይሸጥም።

ይሄ ነገር አዲስ አበባ ላይ ለምን እንደሚብስ በቁጥር ላሳያችሁ። ቁጥሩን ለስሌት እንዲመች ነው የወሰድኩት፣ የማንም ድርጅት ሒሳብ አይደለም። ኮንዶሚኒየሞቹን ከተማው ጫፍ ላይ ሠራናቸው፤ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ። ሥራው ግን መሀል ከተማ ቀረ። ጠዋት ከአራብሳ የሚነሳ አውቶቡስ 80 ሰው ጭኖ፣ ሰው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሲመለስ ቢበዛ 10 ሰው ነው፤ ማን ነው ጠዋት ወደ አራብሳ የሚሄደው? ጉዞው 20 ኪሎ ሜትር፣ ወጪው በኪሎ ሜትር 100 ብር ቢሆን ደርሶ መልስ 4,000 ብር ነው። ቲኬቱ 20 ብር ከሆነ ከ90 ሰው 1,800 ብር ይገባል። 2,200 ብር ጎደለ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ እያያችሁት፣ ሰው ተጋፍቶ እየተሳፈረ፣ ጎደለ። «ሁሌ ሞልቶ እየሄደ እንዴት ይከስራል?» የሚለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጠርኩም። ሲመለስ አላያችሁትማ!

የዚያ 2,200 ብር አንዱ ክፍል ደግሞ አውቶቡሱም ተሳፋሪውም ያላመጡት ነው። አንድ ሹፌር በቀን 6 ምልልስ መሥራት እየቻለ መንገድ ተዘጋግቶበት 4 ከሠራ፣ ደሞዙ ያው ነው፣ አውቶቡሱ የሚያረጅበት ዓመትም ያው ነው፣ የተጓጓዘው ሰው ግን በሲሶ ቀነሰ። መንገዱን የዘጉት በአብዛኛው አንድ ሰው የያዙ መኪኖች ናቸው። ለአውቶቡስ ብቻ መስመር ለይቶ ማስከበር ማለት እንግዲህ ድጎማ መቀነስ ማለት ነው፣ ያውም በቀለምና በትራፊክ ፖሊስ። ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል የተባለውን ፈጣን አውቶቡስ ስንጠብቅ ስንት ዓመት ሆነን? (ደግሞ ልብ በሉ፣ ከላይ ያለው 100 ብር ውስጥ የእርጅና ተቀናሽ፣ ማለትም አውቶቡሱ እያረጀ ሲሄድ ከዋጋው የሚቀነሰው፣ ይኑር አይኑር አልነገርኳችሁም። እሱ ሲገባና ሲወጣ «ኪሳራው» በጣም ይለያያል። ሰው «አውቶቡሱ ከወጪው ይህን ያህል በመቶውን በቲኬት ሸፈነ» ሲላችሁ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁት።)

ውጭ አገር ያላችሁት ደግሞ «እዚህ እኮ አውቶቡስ ነፃ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ሐበሻ በብዛት በሚኖርባት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ዳሽ የሚባለው የከተማ አውቶቡስ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ ቲኬት አያስከፍልም። ሉክሰምበርግ በ2020 አገሩን በሙሉ ነፃ አደረገች። ነፃ ግን የለም፣ ከፋዩ ነው የተቀየረው። ሹፌሩ ደሞዝ ይበላል፣ ከግብር። እዚያ «አውቶቡሱ 100 በመቶ ከሰረ» የሚል ርዕስ አይጻፍም።

«ሆንግ ኮንግስ? ባቡሩ እያተረፈ አይደል?» የሚል ሁሌም አይጠፋም። ያተርፋል። የባቡሩ ድርጅት ኤምቲአር ግን ከጣቢያዎቹ በላይና ዙሪያ ቤትና የገበያ ማዕከል ያለማል፤ ባቡሩ መሬቱን ያስወድደዋል፣ የተወደደው መሬት ባቡሩን ይመግበዋል። እኛስ? መስመር ሲዘረጋ የአካባቢው የሊዝ ዋጋ ይሰቀላል፣ ገንዘቡም ይሰበሰባል። አውቶቡሱ ግን ከዚያ ድርሻ አለኝ ቢል ማን ይሰማዋል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የመንግሥት ሠራተኛ በነፃ የሚመላለስበት የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ አለ። ቲኬት የለውም፣ ገቢ የለውም። በተንታኙ ሒሳብ ከሁሉም የከሰረው እሱ መሆን ነበረበት። አንድም ቀን «ከሰረ» ሲባል አልሰማሁም፤ «አገልግሎት» ነው የሚባለው። ልክ ነው፣ አገልግሎት ነው። ጀሞ ሰልፍ ላይ የቆመችው የጽዳት ሠራተኛ የምትሳፈርበትስ?

ያን ቀን መገናኛ ወርጄ የአውቶቡስ ሰልፍ ያዝኩ። ከልማድ ሰዓት ተመለከትኩ፤ በ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አውቶቡስ መጣ። ከፊቴ የቆሙ እናት ሽንኩርት በፌስታል ይዘዋል፤ የሬዲዮውን ነገር ለጓደኛዬ በስልክ ሳወራ ሰምተውኝ ኖሮ ዞር ብለው «ልጄ፣ ተደጉሞ ከሆነ የት አለ ታዲያ?» አሉኝ። ተንታኙ ይሄን ቢጠይቅ ኖሮ ምንም አልጽፍም ነበር። የተከፈለበት ምልልስ ስንት ነው፣ የተሠራው ስንት ነው፣ ጥያቄው ይሄው ነው። ስለ ምልልስ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ሦስተኛው መጣ። እሳቸው ገቡ፣ እኔ ጋ ሲደርስ ሞላ።