የኮንቨርተር ጩኸት ከምንጩ እንዴት ይቀነሳል?

አጭር ሞገድ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ዜናው ጥርት ብሎ እየተሰማ ሳለ አንድ ርካሽ የስልክ ቻርጀር አጠገቡ ይሰካል። ሬዲዮው ወዲያው መንጫጫት ይጀምራል። ቻርጀሩ ሲነቀል ዜናው ይመለሳል።

በዚያች ትንሽ ቻርጀር ውስጥ ኮንቨርተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ የሚለውጥ ዕቃ፣ አለ። ከግድግዳ የመጣውን 220 ቮልት መጀመሪያ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ ከረንት) ይለውጠዋል። ከዚያ በሰከንድ ብዙ አስር ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ጩኸቱ የሚወለደው ከዚህ ማብራትና ማጥፋት ነው። ጩኸት ስንል በጆሮ የሚሰማውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ማንም ሳይፈልገው በሽቦና በአየር የሚሄድ ፈጣን የቮልቴጅና የከረንት መናወጥ ነው። ሬዲዮን ይረብሻል፣ ሴንሰርን ያሳስታል፣ አንዳንዴ ራሱን ኮንቨርተሩን ያቃጥላል።

ቮልቴጁ ከፍ ሲል ችግሩም ከፍ ይላል። በኤሌክትሪክ መኪናና በፀሐይ ኃይል ኢንቨርተር ውስጥ ዛሬ የሲሊከን ካርባይድ ትራንዚስተር በብዛት ይገባል። ትራንዚስተር ማብራትና ማጥፋቱን የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ነው፤ ይኸኛው በጣም ፈጣን ነው። ፍጥነቱ የሚባክነውን ሙቀት ይቀንሳል፣ ዕቃውንም ያሳንሳል። ግን ቮልቴጁ በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ 50 ቮልት ሊዘል ይችላል። ትራንዚስተሩ ደግሞ ሙቀት በሚያስወጣለት አሉሚኒየም ላይ ታስሯል። በመሃላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ማገጃ አለ። ብረት፣ ማገጃ፣ ብረት፤ ይኸው ሳናስበው ካፓሲተር፣ ማለትም ቻርጅ የሚይዝና ቮልቴጁ ሲዘል ከረንት የሚያሳልፍ ዕቃ፣ ሠራን። መጠኑ 100 ፒኮፋራድ ብቻ፣ በጣም ትንሽ፣ ቢሆን እንኳ በእያንዳንዱ ዝላይ 5 አምፔር ያሳልፋል። ይህ ከረንት ወደ ሣጥኑ፣ ከሣጥኑ ወደ መሬት ሽቦ ይሄድና በዋናው መስመር ዞሮ ይመለሳል። መሐንዲሶች ኮመን ሞድ ይሉታል። በእኔ እይታ ከሁሉም አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያ ካፓሲተር በሰርኪዩቱ ሥዕል ላይ የለም።

ሥዕሉ ላይ የሌለ ሌላም ነገር አለ። ሽቦ ራሱ ኢንዳክተር፣ ማለትም የከረንትን ለውጥ የሚቃወም ነገር፣ ነው፤ በግምት በየሚሊሜትሩ 1 ናኖሄንሪ ይዟል። ለትራንዚስተሩ ኃይል ከሚያቀብለው ካፓሲተር ወደ ትራንዚስተሩ ሄዶ የሚመለሰው መንገድ 2 ሴንቲሜትር ቢረዝም 20 ናኖሄንሪ ይሆናል። ከረንቱ በናኖሰከንድ 5 አምፔር ሲቀየር እዚያች አጭር መንገድ ላይ 100 ቮልት ብቅ ይላል። ከዚያ እንደተመታ ደወል ይርገበገባል።

እዚህ ላይ ነው ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው። ጩኸት ከወጣ በኋላ በፊልተር (በማጣሪያ) ማሳደድ ውድ ነው፣ ቦታም ይበላል። ቦርዱ ገና ሲነደፍ ያንን ኃይል አቀባይ ካፓሲተር ትራንዚስተሩ አፍንጫ ሥር ማስቀመጥ ግን ምንም አያስከፍልም። የመሄጃውና የመመለሻው መዳብ በስስ ማገጃ ተለይተው አንዱ በአንዱ ላይ ከተነባበሩ፣ የሁለቱ መግነጢሳዊ መስክ እርስ በርሱ ይጣፋል። ትልልቅ ኮንቨርተሮች ውስጥ የሚታየው ሰፊና ጠፍጣፋ መዳብ ለዚህ ነው የተሠራው።

ሌላው ዘዴ ፍጥነቱን መግራት ነው። በትራንዚስተሩ ጌት (የማብሪያው ትእዛዝ በሚገባበት እግር) ላይ የሚገባውን ሬዚስተር፣ ማለትም ከረንትን የሚገታውን ዕቃ፣ ከፍ ማድረግ ዝላዩን ያለዝባል፤ በምትኩ ሙቀት ይጨምራል። የተሻለው ቮልቴጁ ዜሮ ሲደርስ ጠብቆ ማብራት ነው። ሬዞናንት የሚባሉት ኮንቨርተሮች እንዲህ ይሠራሉ።

ከዚህ ሁሉ ያመለጠውን ፊልተር ይቀበለዋል። ሁለቱም ሽቦዎች አብረው የሚጠመጠሙበት የፌራይት ቀለበት ኮመን ሞዱን ያፍናል። ዋይ የሚባሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ጩኸቱን ወደ መጣበት በአጭር መንገድ ይመልሱታል። የብረት አካል ያለውን ላፕቶፕ የመሬት ሽቦ በሌለው ቻርጀር ሰክተው በጣት ቢዳስሱት ቀለል ያለ ንዝረት ይሰማል። በአብዛኛው ከእነዚህ ካፓሲተሮች የሚመጣ ነው። ስለዚህ መጠናቸው በደህንነት ደንብ የተገደበ ነው፤ እንደልብ ማሳደግ አይቻልም። የጩኸቱ ወሰንም ደንብ አለው። ሬዲዮን ከረብሻ ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1934 የተቋቋመው ሲስፐር የሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣዋል። በሽቦ የሚሄደው ብዙውን ጊዜ ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ 30 ሜጋኸርዝ ይለካል። አጭር ሞገድ ሬዲዮ እዚሁ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ መለካት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኦሲሎስኮፕ የቮልቴጅን መናወጥ በስክሪን የሚያሳይ መለኪያ ነው። ፕሮቡ፣ ማለትም ሰርኪዩቱን የሚነካው ዘንግ፣ ረጅም የግራውንድ ሽቦ አለው፣ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለበት። ያ ሽቦ የሚሠራው ክብ ራሱ አንቴና ነው። ስክሪኑ ላይ አስፈሪ ጩኸት ይታያል፤ ሽቦውን አውልቀው በአጭር ስፕሪንግ ሲተኩት ግማሹ ይጠፋል። ስንት ሰዓት የሌለ ጩኸት ሲታደን ይባክናል!

በብዙ ኪሎቮልት ላይ አየሩም ይናገራል። የሾለ ጠርዝ ወይም ማገጃ ውስጥ የቀረች የአየር አረፋ ጥቃቅን ብልጭታ ትፈጥራለች። ብልጭታው ጩኸት ነው፤ ማገጃውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ ጠርዙ ይድቦለቦላል፣ አረፋው በቫኪዩም ይወጣል። ከፍታ ቦታ ላይ አየር ስለሚሳሳ ብልጭታው ይቀላል። የተለመዱት የአየር ክፍተት ሰንጠረዦች እስከ 2000 ሜትር ነው የሚሠሩት፤ ለ3000 ሜትር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ለእኛ አገር የሚነድፍ ሰው ይህችን ቁጥር ሊረሳት አይገባም።

ትልቁን ምሳሌ ለማየት ወላይታ ሶዶ መሄድ ነው። ከዚያ ተነስቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው መስመር ከ1000 ኪሎሜትር በላይ ነው። በፖዘቲቭና በኔጋቲቭ 500 ኪሎቮልት ዲሲ እስከ 2000 ሜጋዋት ያስተላልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ኃይል ማስተላለፍ ጀመረ። እዚህ የሚያበሩና የሚያጠፉት ታይሪስተሮች፣ ማለትም ለከፍተኛ ኃይል የሚሆኑ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያዎች፣ ናቸው፤ በተለዋዋጩ ከረንት (በኤሲው) 50 ኸርዝ ስለሚሄዱ ጩኸታቸው ዝቅ ያለ ነው። አንድ ድልድይ፣ ማለትም ኤሲን ወደ ዲሲ የሚለውጥ የታይሪስተሮች ስብስብ፣ ብቻውን ቢሠራ 250 እና 350 ኸርዝ ላይ ኃይለኛ ሞገድ ይለቃል። በእንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ግን ሁለት ድልድዮች ይቀጠላሉ። አንዱ በስታር፣ ሌላው በዴልታ (ሁለት የጥምጥም አያያዝ ዓይነቶች ናቸው) ከተጠመጠመ ትራንስፎርመር ይመገባል። በመሃላቸው 30 ዲግሪ ልዩነት ይፈጠርና እነዚያ ሁለት ሞገዶች ይጣፋሉ። ለፊልተር በዋናነት የሚቀሩት 550 እና 650 ኸርዝና ከዚያ በላይ ያሉት ናቸው። በዲሲው በኩል ደግሞ ትልቅ ጥምጥም ሞገዱን ያለሰልሰዋል።

ታይሪስተሮቹ የሚቀመጡት ግድግዳና ጣሪያው በብረት በተሸፈነ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ ጩኸቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ። የማብሪያው ትእዛዝ ከታች ከመቆጣጠሪያው ወደ ላይ የሚወጣው በብርሃን ነው፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ የመስታወት ፋይበር። መዳብ ቢሆን ቮልቴጁን ወደ መቆጣጠሪያው ያወርደው ነበር፤ ጩኸቱንም እንደ አንቴና ይሰበስበው ነበር።