«በአንድ ጣትሽ የምታጠፊውን!»፦ ስለ ለንደን ፓርኪንግ ተቆጣጣሪዎች የምንሳሳተው

ሰሜን ለንደን ውስጥ በፓርኪንግ ተቆጣጣሪነት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። እኛ አበሾች አሁንም «ዋርደን» ነው የምንለው። ትራፊክ ዋርደኖች ለንደን ላይ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ያኔ በፖሊስ ሥር ነበሩ። ከ2008 ወዲህ ግን መጠሪያችን «ሲቪል ኢንፎርስመንት ኦፊሰር» ሆኗል። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰርግ ቤት ሥራዬን የሰማ ሁሉ የቅጣት ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል፤ የሚከተሉት አባባሎችም አብረው ይመጣሉ።

«ኮታ አላችሁ፤ በጻፋችሁት ልክ ኮሚሽን ይታሰብላችኋል»

የለንም። የመንግሥት መመሪያው ካውንስሎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) በቅጣት ብዛትም ሆነ በገቢ ግብ እንዳያስቀምጡ፣ የሠራተኛም ክፍያ ከቲኬት ቁጥር ጋር እንዳይያያዝ ይላል። አለቃ አይጠይቅም ግን አልልም። ቀኑን ሙሉ ዞሮ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው «የት ዋልክ?» መባሉ አይቀርም።

እኛን ይበልጥ የሚያስጨንቀን መረጃ የሌለው ቲኬት መጻፍ ነው። ለሁለት ሰዓት ብቻ በሚፈቀድ ቦታ የቆመ መኪና አየሁ እንበል። ታርጋውን በእጄ በምይዘው ማሽን ላይ አስገባና ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹ አየር የሚሞሉበትን ቫልቭ አያለሁ። ጎማውን እንደ ግድግዳ ሰዓት ቆጥሬ የፊተኛው 3 ላይ፣ የኋለኛው 7 ላይ ብዬ እመዘግባለሁ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ስመለስ ሁለቱም እዚያው ካሉ መኪናው አልተነቃነቀም ማለት ነው። «አሁን ዞሬ መምጣቴ እኮ ነው» የሚለኝን ሰው የማምነው ወይም የማላምነው በቫልቩ ነው። በዝናብ ይህን ስትሠሩ መዋል ወገብ ይቆርጣል፤ ማንም አይጽፍላችሁም እንጂ።

«ከፈለገች ትሰርዘዋለች»

ከወገኖቼ ጋር የሚያጣላኝ ይህ ነው። አንድ ማታ መቆም በሚከለክል ቢጫ መስመር ላይ የቆመ መኪና መስታወት ላይ ወረቀቱን ለጥፌ ፎቶ እያነሳሁ፣ አንድ ሽማግሌ ሹፌር እንጀራ በፌስታል አንጠልጥለው እየሮጡ መጡ።

«ልጄ፣ ያገር ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ ጋሼ። ግን ከእጄ ወጥቷል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«በአንድ ጣትሽ የምታጠፊውን!»

አላጠፋውም። አንዴ ከተለጠፈ ጉዳዩ የካውንስሉ ቢሮ ነው። በ14 ቀን ውስጥ ከከፈሉ ግማሹ ይቀርልዎታል፤ በቂ ምክንያት ካለዎት ደግሞ ለቢሮው ይጻፉ፣ እምቢ ካሉ በመጨረሻ ገለልተኛ ዳኛ ዘንድ ያለ ክፍያ መሄድ ይቻላል ብዬ ነገርኳቸው። አልሰሙኝም፤ ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ነበር። በ1960 ዋርደኖቹ የመጀመሪያውን ትኬት የለጠፉት የልብ ድካም የመታው ሰው ለማዳን በሄደ ሐኪም መኪና ላይ ነበር። ሐኪሙ እንኳ ይቅር የተባለው ሕዝብ ከጮኸ በኋላ ነው።

ይልቅ ከመጻፌ በፊት ብዙ ነገር አለ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2015 ጀምሮ ከፍለው የቆሙበት ጊዜ ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ይታለፍልዎታል፤ ቢጫ መስመር ላይ ግን አይሠራም።

«ሳትለጥፍ ካመለጥኩ አለቀ»

መጻፍ ጀምሬ ከነበረ ወረቀቱ በፖስታ እቤትዎ ድረስ ይመጣል። የሚተርፍዎት ሰው ለመግጨት መቃረብዎ ብቻ ነው።

«ግማሽ ፖሊስ ናቸው»

አይደለንም። ቅጣቱ የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይመዘገብም። ሕጉ እንዲያውም ዩኒፎርም ካልለበስኩ ቲኬት መጻፍ አትችዪም ይለኛል። ጎረቤቴ ግን እሑድ ጠዋት በነጠላ ሲያየኝ እንኳ መኪናውን ያነሳል።

ስለ እሑድ ካነሳን፦ ሁሉም ቦታ ነጻ አይደለም፤ ምልክቱን ያንብቡ። ሁለት ቢጫ መስመር ቀንም ሌትም ይሠራል፣ ቅዳሴ ቢኖርም። ሀዛርድ ማብራት ደግሞ ከሩቅ እንድንለያችሁ ይረዳን እንደሆነ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

«ገንዘቡን ካውንስሉ እንደፈለገ ይበላዋል»

በ1984ቱ ሕግ መሠረት ትርፉ የሚውለው በሕግ ለተዘረዘሩ ነገሮች ነው፦ ለመንገድ፣ ለትራንስፖርት። የሰሜን ለንደኑ የባርኔት ካውንስል ለሌላ ወጪ መሸፈኛ ብሎ የነዋሪዎችን ፓርኪንግ ፈቃድ ዋጋ ጨምሮ ነበር፤ በ2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው ብሎታል።

«መስታወት ላይ የተለጠፈ ሁሉ የእናንተ ነው»

ባለ እንጀራውን ጋሼን ከወራት በኋላ አንድ ለቅሶ ላይ አገኘኋቸው። ያለ ዩኒፎርም ስለነበርኩ አላወቁኝም። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሥራዬን ሲነግራቸው ከካፖርታቸው ኪስ ሌላ ወረቀት አወጡ። ገልብጬ አየሁት፤ የሱፐርማርኬት ግቢ የሚጠብቅ የግል ድርጅት የላከው ነው። የካውንስል ቅጣት አይደለም፤ ውል አፍርሰዋል የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነው፣ ይግባኙም በሌላ በር ነው የሚሄደው።

«እና ይሄንንስ ልትሰርዢው አትችዪም?» አሉኝ።