የሜረር ማስታወሻ ምንድን ነው?

የሜረር ማስታወሻ ታላቁ የጊዛ ፒራሚድ ሲሠራ ድንጋይ ያመላልስ የነበረ አንድ ካቦ የየቀኑን ሥራ የመዘገበበት ፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል የተሠራ ጥንታዊ ወረቀት፣ ነው። ካቦው ሜረር ይባላል። መዝገቡ ከ4,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ጽሑፍ ካለባቸውና እስካሁን ከተገኙት ፓፒረሶች ሁሉ ቀደምቶቹ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ፒየር ታሌ የሚመራው ቡድን ዋዲ አል-ጃርፍ በተባለ የቀይ ባሕር ጥንታዊ ወደብ ላይ አገኘው።

ይሄን የማነሳው ቲክቶክ ላይ በየሳምንቱ አንድ ሰው ብቅ እያለ "ፒራሚዱን ማን እንደሠራው እስከ ዛሬ አልታወቀም" ስለሚል ነው። ታውቋል እኮ! የካቦው ስም አለ፣ የአለቃው ስም አለ፣ የት ውለው የት እንዳደሩ ሳይቀር ተጽፏል።

ሜረር በሥሩ 40 ያህል ሰዎች ነበሩት። ከወንዙ ምሥራቅ ዳር፣ ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ካባ፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ጀልባ ላይ ይጭናሉ፤ በናይልና በተቆፈሩ ቦዮች አድርገው ጊዛ ያራግፋሉ፤ ባዶ ጀልባቸውን ይዘው ይመለሳሉ። በ10 ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሠሩ ነበር። መዝገቡ ላይ ምንም ተአምር የለም። ዛሬ ጫንን፣ ዛሬ ተጓዝን፣ እዚህ አደርን የሚል ዓይነት ነው። የበላዩ ኃላፊ አንኽሃፍ፣ ፒራሚዱ የሚሠራለት የንጉሥ ኩፉ ወንድም በአባት፣ በስሙ ተጠቅሷል። ፒራሚዱም "የኩፉ አድማስ" ተብሎ በራሱ ስም ተጽፏል። ጊዜው የኩፉ ንግሥና የመጨረሻ ዓመታት ነው።

የጉዞዎቹ ወራት ከናይል ሙላት ጋር ይገጥማሉ። ያ ሙላት ደግሞ በአብዛኛው ከኛ ደጋ የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው፣ ዓባይና ወንድሞቹ ይዘውት የሚሄዱት። ውሃው ሲሞላ ቦዮቹ እስከ ጊዛ አምባ ግርጌ ድረስ ጀልባ ያስገባሉ፤ በበጋ በየብስ ሊጎተት የማይታሰበው ጭነት በውሃ ይደርሳል።

ሜረር ሁሉንም ነገር አይነግረንም፣ ያም ልክ ነው። እሱ ያመላለሰው ለውጭ ልባስ የሚሆነውን ነጭ ድንጋይ ነበር። ፒራሚዱ ውስጥ አሉ ከሚባሉት 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋዮች አብዛኞቹ የተፈለጡት ግን እዚያው ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዱ አጠገብ ካለው ካባ ነው፤ ጉድጓዱ ዛሬም ይታያል። ፒራሚዱ ውስጥ ላለው የንጉሡ የመቃብር ክፍል የሚሆነው ግራናይት የተባለ ጠንካራ ድንጋይ ብቻ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ካለው ከአስዋን በናይል መጣ። መሬት ላይ የሚጎትቱት በእንጨት መንሸራተቻ ነው። ይሄም ግምት አይደለም፤ ከኩፉ ብዙ ዘመን በኋላ የኖረው ጀሁቲሆተፕ የተባለ ሹም መቃብር ውስጥ ያለው ሥዕል በርካታ ረድፍ ሰዎች ግዙፍ ሐውልት በገመድ ሲጎትቱ ያሳያል፣ አንዱ ሰው ደግሞ መንሸራተቻው ፊት ቆሞ ውሃ ያፈስሳል። ብዙዎች ይሄን ሥርዓተ አምልኮ ነው ብለው አልፈውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስቶች ሲሞክሩት በልኩ የረጠበ አሸዋ የሚያስፈልገውን ጉልበት በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን፣ የጠፋችው አትላንቲስ፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነበር የሚሉት ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይወድቃሉ፦ የኩፉ አባት ስነፈሩ። ስነፈሩ የሠራቸውን ፒራሚዶች ሄዶ ማየት ይቻላል። ሜይዱም ላይ ያለው የውጭ አካሉ ፈርሷል። ዳህሹር ላይ ያለው በ54 ዲግሪ ገደማ ተጀምሮ፣ መሰነጣጠቅ ሲመጣ፣ መሀል ላይ ወደ 43 ዲግሪ ተቀየረ፤ ለዚህ ነው የጎበጠ የሚመስለው። ቀጣዩ፣ ቀዩ ፒራሚድ፣ ከመጀመሪያው በ43 ዲግሪ ተሠራና ቆመ። ከዚያ ልጁ መጣና 146 ሜትር የሚሆነውን ገነባ። አባትየው የወደቀባቸውን ነገሮች ሁሉ ልጁ ተምሮባቸዋል። ዕውቀቱ ከሰማይ ቢወርድ ኖሮ ያን ሁሉ ውድቀት አናይም ነበር።

ከንጉሡ ክፍል በላይ ባሉት ዝግ ክፍሎች ውስጥ የሠራተኛ ቡድኖች በቀይ ቀለም የጻፏቸው ስሞች አሉ፣ የኩፉ ስም ያለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1837 ያገኟቸው እንግሊዞች ራሳቸው ጻፏቸው የሚሉ አሉ። ግን ጽሑፉ በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ውስጥ ገብቶ ይቀጥላል፣ ከተገነባ በኋላ ማንም ብሩሽ ሊያስገባበት የማይችል ቦታ።

እኛ ዘንድ ሌላ ተረት አለ፣ እስራኤላውያን በባርነት ሠሩት የሚል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 1ን ከፍተው ያንብቡ፤ የሚለው በጭቃና በጡብ፣ ፊቶምና ራምሴ የተባሉ ከተሞች ነው። ስለ ፒራሚድ አንዲት ቃል የለም። የኩፉ ፒራሚድ ሙሴ ኖረ ከሚባልበት ዘመን ከ1,000 ዓመት በላይ ይቀድማል። የሠሩትን ደግሞ አግኝተናቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ከፒራሚዶቹ ደቡብ የሠራተኞቹ መቃብር ተቆፍሯል፤ ጀርባቸው በሸክም የተጎዳ፣ የተሰበረ አጥንታቸው በሕክምና ተጠግኖ የዳነ ሰዎች ናቸው። በአቅራቢያው ያለው መንደራቸው ዳቦ ቤትና ብዙ የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት አለበት። ሁሉም በፈቃዱ መጣ ማለቴ አይደለም፤ መንግሥት ሰው በዙር ይጠራ ነበር። ግን ይበሉ ነበር፣ ይታከሙ ነበር፣ ከንጉሣቸው አጠገብ በክብር ተቀብረዋል።

ይሄ ጉዳይ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ያለችውን ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ፣ ታላቋን ዚምባብዌን፣ አፍሪካውያን አልሠሯትም ብለው ቅኝ ገዢዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። የአፍሪካ ድንጋይ ጠራቢ ስም ሲነጠቅ ዝም ማለት አልችልም፣ ጀርባው የተጎዳው እሱ ነውና።

ዛሬ ሊቃውንቱ የሚከራከሩት ሌላ ነገር ላይ ነው፦ ድንጋዩን ወደ ላይ የሚያወጣው ዳገት ቀጥ ያለ ነበር፣ ዙሪያውን የሚጠመዘዝ ወይስ ሁለቱም? እ.ኤ.አ. በ2018 ሐትኑብ በተባለ የአልባስጥሮስ ካባ ውስጥ ከኩፉ ዘመን ያልተናነሰ ዕድሜ ያለው መጎተቻ ዳገት ተገኝቷል። አቀበቱ በጣም ከባድ ነው። ግራና ቀኙ ደረጃ አለው፣ በደረጃዎቹ ጠርዝ ደግሞ ወፍራም እንጨት የሚተከልባቸው ጉድጓዶች፤ ገመዱ በእንጨቶቹ ላይ ሲዞር ከላይም ከታችም ያሉ ሰዎች አንድ ላይ መሳብ ይችላሉ።